ቀይዋ ጠብታ

ወይዘሮ ዩኒስ ትራውብ በሩን ከፍተው ገና «ግቡ» ሳይሉ፣ ሃርላን ዲትሽ ባርኔጣውን አውልቆ ጠየቀ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሶኬት ላይ የሰካው ሰው አለ?»

«ማን አባቱ ይሰካዋል!» አሉ አሮጊቷ። «የእህቴ ልጅ ዴል እጁን ሲዘረጋ በመጥረጊያ እንጨት ነው ያባረርኩት። ክሊፎርድ ነፍሱን ይማረውና፣ ሊሞት ሲል ሁለት ነገር አደራ አለኝ። ጣሪያውን አሳድሺ፣ ቴሌቪዥኑን አትስኪ አለኝ። ጣሪያው እስከ ዛሬ ያፈሳል።»

ከሃርላን ኋላ የቆመው ሮሊ ኬምፕ ሳቁ አመለጠው። ሃርላን ግን እፎይ ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። አሮጌ ባለቀለም ቴሌቪዥን የሚያድኑ ሰዎች የቤቱን ሰው ደኅንነት ከመጠየቃቸው በፊት የሚጠይቁት ይህንን ነው። ብዙ ዘመን የተኛ ሣጥን በአንድ ጊዜ መብራት ከተለቀቀበት፣ በሆዱ ያለው በሰም የተለበጠ ዕቃ ሁሉ ይቃጠላል። የተቃጠለውን ደግሞ ዛሬ የሚሠራ ፋብሪካ የለም። «እስቲ ይሠራ እንደሆን ልየው» ያለ የልጅ ልጅ ስንቱን ጥሩ ሣጥን ጨርሶታል!

ወይዘሮ ዩኒስ ዘጠና አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል። ሆኖም ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደውን ደረጃ ከሁለቱ ወንዶች ቀድመው ወረዱ። እዚያ ታች፣ ቀይ ሥርና ፎሶሊያ በሆምጣጤ ከተቀመጠባቸው ጠርሙሶች ጀርባ፣ በፈረስ ብርድ ልብስ የተሸፈነ አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ሮሊ ብርድ ልብሱን ገለጠና የእጅ ባትሪውን አበራበት። ፊቱ ላይ እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ የሆነ መስታወት ታየ።

«ክቡ ነው! ሃርላን፣ ክቡ ነው!»

«አይቼዋለሁ፤ አትጩህ፣ ቤት አታስፈርስ።»

ሃርላን የጀርባውን ሽፋን ፈትቶ አንገቱን አስገባ። ከሁሉ በፊት የሚታየው የመስታወቱ ቀጭን አንገት ነው። እዚያ ላይ እንደ ብር የምታበራ ነጠብጣብ ካለች መስታወቱ አልተነፈሰም ማለት ነው። እንደ ወተት ከነጣች ግን አየር ገብቶበታል፣ ሞቷል። ሃርላን ነጠብጣቧን አየ። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ደግሞ አየ። ብርም አልመሰለችው፣ ወተትም አልመሰለችው። ብቻ የሻይ እድፍ መሰለችው።

«ሮሊ፣ ና እስቲ። ምን ይታይሃል?»

«ምን ትጠይቀኛለህ፣ አጠገብህ አይደለች እንዴ?»

«አንተን ልፈትንህ ብዬ ነው።»

ሮሊ ጎንበስ አለ። «እንደ አዲስ ማንኪያ ታበራለች! ይሄ ሰውዬ ሕያው ነው።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አለ ሃርላን።

ወይዘሮ ዩኒስ ሣጥኑን ሰጡ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። በአዲስ ዓመት ቀን በካሊፎርኒያ የሚደረገውን የአበባ ሰልፍ በዚሁ ቴሌቪዥን፣ በዚሁ ሳሎን አንድ ጊዜ ማየት።

«ያኔ በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤቱ ሁሉ እዚህ ታጭቆ ነበር» አሉ። «ክሊፎርድ አልቀመጥም ብሎ ቁልፎቹን እንደ ዶሮ ይጭራል። ከዚያ አንድ ነጭ ፈረስ መጣ። አንገቱ ላይ የቀይ ጽጌረዳ ጉንጉን አድርገውለታል። እንዴት ያለ ነጭ መሰላችሁ! ከዚያ ወዲያ ብዙ ነጭ አይቻለሁ፣ ያንን የሚያህል ግን አላየሁም። እሱን አሳዩኝና ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ውሰዱት፣ ቤተ መዘክርም አስገቡት። ለከርሞ የምትሉኝ እንደሆነ ግን እኔ ከርሞ የለኝም።»

«ነጩን ፈረስ አሳይዎታለሁ» አለ ሃርላን። «ቃሌ ነው።»

«ተጠንቀቅ፣ እኔን አታታልለኝም። ሐኪሙ ዓይኔን አንጽቶልኛል፤ ዝንብ እግሯን ስትታጠብ አያለሁ።»

በዚያ በቆሎና አኩሪ አተር በሚበቅልበት በኦሃዮ ምዕራብ፣ አሮጌ ቴሌቪዥን የሚሰበስቡ ሰዎች ማኅበር አላቸው። የማኅበሩ ሰዎች «ሮሊ እጅ ነው፣ ሃርላን ዓይን ነው» ይላሉ። ሮሊ መበየጃ ከያዘ የሞተ ሽቦ ያስነሣል። ቀለም ማስተካከል ሲመጣ ግን ሁሉም እጁን ሰብስቦ ሃርላንን ይጠብቃል። ክቡ መስታወት ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚተፉ ሦስት አፎች አሉ። ሦስቱ ልክ በልክ ካልተመጣጠኑ ነጩ ነጭ አይሆንም፣ የሰውም ፊት የሰው ፊት አይሆንም። ይህን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ሃርላን ግን መሣሪያ ይዞ አያውቅም። ጀርባው ሄዶ፣ ከፊት ለፊት የፊት መመልከቻ መስታወት አቁሞ፣ በመስታወቱ ውስጥ ምስሉን እያየ ብሎኖቹን ቀስ እያለ ያዞራል። ሲበቃው በየብሎኑ ራስ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀይ የጥፍር ቀለም ያንጠባጥባል።

ያቺ ጠብታ ማኅተም ናት። ብሎኑ በንዝረት እንዳይዞር ትይዘዋለች፤ ከዚያም በላይ «ይህን የነካው ሃርላን ዲትሽ ነው» ትላለች። የማኅበሩ ሰው የሌላውን ጠብታ አይሰብርም። የጎረቤትን ደብዳቤ ከፍቶ እንደማንበብ ያለ ነውር ነው።

የጥፍር ቀለሙን የምትገዛለት ሚስቱ ናዲን ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ ቤት ሊጥ ስታቦካ የኖረች ስለሆነች የራሷን ጥፍር ቀብታ አታውቅም። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ትገዛ ነበር። «አንዱ ይደርቃል» ትላለች።

ሣጥኑን ጋራዡ ውስጥ አስገብተው መኸሩን በሙሉ ሠሩበት። ሮሊ በሰም የተለበጡትን አሮጌ ዕቃዎች አንድ በአንድ እየነቀለ አዲስ ተካ። ሃርላን የእንጨቱን ቀለም አደሰ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ አራገፈ። አንድ ቀን ሮሊ ጉንፋን ይዞት ሲቀር ሃርላን የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዕቃዎች ራሱ በየዳቸው። ከእነሱ አንዷ፣ ወገቧ ላይ ባለቀለም ቀለበት ያላት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ናት። ልኳን የሚናገሩት ቀለበቶቿ ናቸው። ሐምራዊ አንድ ቁጥር ነው፣ ቡናማ ሌላ ቁጥር።

በማግስቱ ሮሊ ሲመጣ የመብራቱን ኃይል በማስተካከያ መሣሪያ ከታች ጀምረው፣ ድመት እንደሚያባብል ሰው፣ ቀስ በቀስ ከፍ አደረጉት። ገና እኩሌታው ሳይደርስ ከሣጥኑ ሆድ ቀጭን ጭስ ብቅ አለ።

«ዝጋው! ዝጋው!» ሮሊ ገመዱን ነቀለ። አንገቱን አስገብቶ ሲፈልግ ቆየና የከሰለችውን ዕቃ በጉጠት ይዞ አወጣት። አሽትቶ፣ አገላብጦ አያት። ከዕቃ መያዣው ካርቶንም የቀሩትን እህቶቿን አየ።

«ምንድን ነው?» አለ ሃርላን።

«ምንም። አርጅታ ነው።»

«አዲስ ነው እኮ የገጠምኩት!»

«አዲስም ያረጃል። ሚስቴን ጠይቃት፣ ባል ስታገኝ አዲስ ነበርኩ።»

ሃርላን ሳቀ። ግን ሮሊ ዕቃዋን ኪሱ ውስጥ ሲከታት አይቶ ነበር። ማታ ሮሊ ከሄደ በኋላ ከካርቶኑ ሌላ አንዲት አንሥቶ መስኮት ጋ ወሰዳት። ሐምራዊ ናት? ቡናማ ናት? ወደ ብርሃኑ አዞራት፣ ወደ ጥላው አዞራት። ሁለቱም መልስ አልሰጡትም።

እንዲህ ሲሆንበት ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ከፊቱ የሚመጣ መኪና መብራቱ እንደ ሱፍ አበባ ዙሪያውን ይፈነዳበት ጀምሯል። ሲመሽ መኪናውን የምትነዳው ናዲን ናት፤ እሱም «አንቺ መንዳት ትወጂያለሽ» ይላታል። ለምን ሐኪም ጋ አትሄድም ያለችው እንደሆነ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አባቱ ኤሚል ዲትሽ በከተማው ቴሌቪዥን ሻጭ ነበሩ። አንድ የጸደይ ጠዋት ሁለት ዓይናቸውን ይዘው ወደ ሆስፒታል ገቡ፤ የወጡት በአንዱ፣ ያውም በደከመው ነው። ከዚያ በኋላ ኤሚል ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው የሚመጣውን ሰው በድምፁ ሲለዩ ሃርላን አይቷል። ደንበኛው ሲቀንስ፣ ከዚያም በዓይናቸው ያሾፍ የነበረ ሰው ማሾፉን ሲተው አይቷል። ማሾፉ ሲቀር ነው ነገሩ የከፋው።

ሣጥኑ ታኅሣሥ ላይ ሕይወት ዘራ። መጀመሪያ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ክቡ መስታወት ከመሐሉ እንደ ንጋት ወገግ አለ። አዲሱን ሥርጭት ለአሮጌው ሣጥን የምትተረጉም ትንሽ ዕቃ ገጠሙለት። ከዚያ ሃርላን «አሁን ተወኝ» አለ፤ ሮሊም እንደ ልማዱ ወጣ። በዚህ ሥራ ሃርላን ብቻውን መሆን ይወዳል። የፊት መመልከቻ መስታወቱን ወንበር ላይ አቆመ። ግራ እጁን የኋላ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ መብራት ካለበት ሣጥን ጀርባ ሁለት እጁን የሚያስገባ ሰው ልቡን የኤሌክትሪክ መንገድ ላይ አስተኝቷል ይባላል። በቀኝ እጁ ካቻቪቴውን ይዞ ማዞር ጀመረ።

ነጩ ቢጫ ሆነበት። ሰማያዊውን ጨመረ። አሁንም ቢጫ ነው። ደግሞ ጨመረ። የሣጥኑ ክብ መስታወት አርጅቶ የሰማያዊው አፍ ደክሟል ብሎ አሰበ። ደግሞ ጨመረና በመጨረሻ ነጩ ነጣ። ልቡ ሞላ። ቀይዋን ጠብታ አንጠባጠበ።

ናዲን ሾርባ ይዛ ስትገባ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሰው ስለ አየር ሁኔታ ይናገር ነበር። ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

«ምን ይመስልሻል?»

«ሰውየው አልበረደውም?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እንጃ፣ ከወንዝ የወጣ መሰለኝ። ከንፈሩ…»

«ናዲን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊጥ አየሽ። እኔ ሠላሳ ዓመት ይህንን አየሁ። ሊጥሽ ላይ አስተያየት ሰጥቼሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለች። ሾርባውን አስቀምጣ ወጣች። ወዲያው ሳሎን ውስጥ ስልክ ስትደውል ሰማት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። ሃርላን ለማን እንደደወለች አልጠየቀም። ሾርባውንም አልጠጣም።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ጠዋት ሣጥኑን በዴል ፒካፕ ጭነው ወይዘሮ ዩኒስ ሳሎን አስገቡት። ሮሊ ያን ቀን ሁኔታው ግራ የሚያጋባ ነበር።

«በቃ እናንተ ሂዱ» አለ። «እኔ የጀርባውን ሽፋን አጥብቄ እመጣለሁ።»

«ሽፋኑ ጠብቋል» አለ ሃርላን።

«እግሩ ይወዛወዛል፤ እንጨት ላደርግለት።»

«አይወዛወዝም።»

«እንግዲያው አንቴናውን…»

«ሮሊ፣ ምን ሆነሃል? እዚህ ልታድር ነው?»

ወይዘሮ ዩኒስ ከኩሽና «ማንም አይሄድም፣ የፖም ኬክ ጋግሬያለሁ!» ብለው ጮኹ። ሮሊ በላ፤ ግን ኬኩን እንደ ግዴታ ነበር የበላው። ሲወጡም ሦስቱም አንድ ላይ ወጡ።

በአዲስ ዓመት ቀን ቤቱ በአሳማ ጥብስና በኮመጠጠ ጎመን ሽታ ታፍኗል። በዚያ አገር በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን አሳማ ያልበላ ሰው ዕድሉ ወደ ኋላ ይሄዳል ይባላል፤ አሳማ በአፍንጫው ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይቆፍርም። ዴልና ሚስቱ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ ናዲንና ሮሊ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ወይዘሮ ዩኒስ ከፊት በክሊፎርድ ወንበር ተቀመጡ። ለበዓሉ ብለው የጆሮ ጌጥ አድርገዋል።

ሃርላን ሣጥኑን ቀስ ብሎ ከፈተ። ድምፅ መጣ፣ ከበሮና መለከት። ከዚያ ምስሉ ወገግ አለ። በአበባ የተሸፈኑ ትልልቅ ሠረገላዎች፣ የሚያውለበልቡ ልጃገረዶች። ሃርላን ከሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ምስሉን አየና ኮራ። ከዚያ ዞሮ ሰዎቹን አየ።

ሹካ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«አበባው ያምራል» አለች የዴል ሚስት፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

«አዎ፣ አበባው» አለ ዴል።

ከዚያ ፈረሶች መጡ። ከፊት ያለው ነጭ ነበር። ሃርላን ትንፋሹን ያዘ። ይኸው፣ ወተት የመሰለ ነጭ!

«ያ ፈረስ ምን ሆኗል?» አሉ ወይዘሮ ዩኒስ።

«ነጩ ፈረስ እሱ ነው፣ ወይዘሮ ትራውብ።»

«ነጭ? የኔ ልጅ፣ ይሄ ፈረስ በረዶ ውስጥ ሞቶ የተገኘ ነው የሚመስለው። ሰማያዊ ነው! የተቀመጠበትም ሰውዬ ሰማያዊ ነው። ሁሉም ሬሳ ነው።»

ዴልን ጎመኑ አነቀው። ሃርላን ተመልሶ ምስሉን አየ። ነጭ ነው። ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ።

«ናዲን?»

ናዲን ሳህኗን ታይ ነበር።

«አትቆጣ» አሉ ወይዘሮ ዩኒስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም የዓይኔ ሞራ ሳይገፈፍ በፊት አንሶላዬ ሁሉ ቢጫ መሰለኝና ልብስ የሚያነጣውን ሰማያዊ ዱቄት ደፋሁበት። አጠብኩ፣ ደፋሁ፣ አጠብኩ። ገመድ ላይ ሳሰጣው መንደሩ በሙሉ ሰማይ ወረደ ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን በረዶ ነበር የመሰለኝ።»

ሮሊ ተነሣ። ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ሆኗል። «ትንሽ ነው፣ ወዲያው ነው የሚስተካከለው። ሃርላን፣ ከፈቀድክ…» አለና ከኮቱ ኪስ ካቻቪቴ አወጣ። ከዚያ፣ እጁ እንደለመደው፣ ከሌላው ኪሱ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ የሣጥኑ ራስ ላይ አስቀመጠ።

ቀይ የጥፍር ቀለም ነበር።

ሮሊ ራሱ ያደረገውን ያየው ካደረገው በኋላ ነው። እጁን ሊመልስ ዘረጋ፤ ሃርላን ግን ጠርሙሷን ቀድሞ አነሣት። በሰፊ ጣቶቹ መሐል አገላበጣት። የናዲን ዓይነት ናት። ክዳኗ የደረቀ ቀለም ጠግቧል። ብዙ ጊዜ የተከፈተች ናት።

«ይቺን ምን ልታደርግባት ነው የያዝካት?»

ሮሊ ካቻቪቴውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሃርላን…»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩህ!»

«ይሄ ሦስተኛው ክረምት ነው።»

«የኬለሮችን ቴሌቪዥን?»

«አዎ።»

«የመጋቢውን?»

«የሱንም። እሱማ አንተ ከበሩ ሳትወጣ ነው የደወለልኝ።»

«ሁሉንም?»

«የጥርስ ሐኪሙን አልነካሁትም» አለ ሮሊ። «እሱ ራሱ ቀለም አይለይም። በጣም ደስ ብሎታል።»

አንድ ጎረቤት ሳቁ አመለጠውና ወዲያው በእጁ አፈነው። ሃርላን አልሳቀም። ጠብታዎቹን አሰበ። በየሳሎኑ፣ በየጀርባው፣ በየብሎኑ ራስ ላይ ያሉት ቀያይ ጠብታዎቹ። ተሰብረው፣ በሌላ ሰው እጅ እንደገና የታተሙ። እሱ ግን በየጸደዩ ስብሰባ ደረቱን ነፍቶ «የኔ ነው» እያለ ሲያሳይ ነበር፤ እነሱም «አዎ፣ ያንተ ነው» ይሉት ነበር። ማንም አሹፎበት አያውቅም። አሁን ገባው።

«ጠርሙሱን የገዛሁለት እኔ ነኝ» አለች ናዲን። «በሱ አትቆጣ።»

አንዱ ይደርቃል ትል ነበር። ሃርላን ጠርሙሷን ሣጥኑ ላይ መልሶ አስቀመጠና ኮቱን ሳያነሣ ወደ ውጭ ወጣ።

በረንዳው ላይ ብርዱ እንደ መጋዝ ይቆርጣል። የተቆረጠው የበቆሎ ማሳ በረዶ ለብሷል። ሃርላን በረዶውን አየ። ቢጫ ነው፤ እንደ አሮጌ ጋዜጣ። በረዶ ቢጫ መሆን የጀመረው መቼ ነው? እሱ ከፋብሪካ ጭስ ነው ብሎ ነበር። ለሁሉም ነገር አንድ ምክንያት አዘጋጅቶ ነበር። ለመስታወቱ፣ ለበረዶው፣ ለሚስቱ። አባቱ ትዝ አሉት፤ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው «ማነህ?» ሲሉ።

ከኋላው በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ዩኒስ ሻል ደርበው ብቅ አሉ።

«ሰልፉ እያለቀ ነው።»

«ሮሊ ያስተካክልልዎታል።»

«ሮሊ እጁን በጉልበቱ መሐል ጨብጦ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀምጧል። አንተ እያለህ አልነካም አለ። ማኩረፉን ለነገ አቆየው፣ ነገም ቀን ነው። እኔ ግን ነጭ ፈረስ ቃል የገባልኝ አንተ ነህ፣ ሮሊ አይደለም።»

«አይታየኝም» አለ ሃርላን። ይህን ቃል ከአፉ አውጥቶት አያውቅም ነበር። ከወጣ በኋላ ከፊቱ እንደ እንፋሎት ተንሳፈፈ።

«እሱን ሁላችንም አይተናል» አሉ አሮጊቷ። «ግባ፣ በሩን ይዤ ብርድ አስገባሁ።»

ገባ። ሃርላን ማንንም ሳያይ ወደ ሣጥኑ ጀርባ ሄዶ ሽፋኑን ፈታና ተንበረከከ። ናዲን ከመኝታ ቤት የፊት መመልከቻ መስታወት አምጥታ እንደ ልማዱ ወንበር ላይ አቆመችለት።

«ወደ ግድግዳው አዙሪው» አላት።

«ምን?»

«መስታወቱን አዙሪው። እኔ ካየሁ እጄ ይሳሳታል።»

ናዲን መስታወቱን አዞረችው። ሃርላን ግራ እጁን የኋላ ኪሱ ከተተ። በቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር የራሱን ጠብታ ፈልጎ ሰበራት። እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀች። ካቻቪቴውን የሰማያዊው ብሎን ላይ አደረገ።

«ማን ያይልኛል?»

«እኔ» አሉ ወይዘሮ ዩኒስ። «ቀንስ።»

ቀነሰ።

«ቀንስ። ገና ሬሳ ነው። ቀንስ… አሁን ታመመ እንጂ አልሞተም። ቀንስ።»

«ይበቃል ብዬ ነበር…»

«ያልከውን ተወው! ቀንስ። ጉንጩ መጣ። የልጅቷ ከንፈር ቀላ፣ ጎሽ። ትንሽ… ትንሽ… አለፍክ፣ ተመለስ። ቁም!»

ሃርላን ቆመ። እጁ በአየር ላይ ቀረ። ከሣጥኑ ወዲያ ከመለከቱ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ከዚያ አስተዋዋቂው በነጭ ፈረሶች ላይ የተቀመጡት የመጨረሻዎቹ ፈረሰኞች መምጣታቸውን ተናገረ። የወይዘሮ ዩኒስ ትንፋሽ ሲያዝ ተሰማው።

«ክሊፎርድ» አሉ አሮጊቷ፣ በቀስታ፤ ከቤቱ ሰው ማንንም ሳይጠሩ።

ሃርላን ጉልበቱን ይዞ ተነሣና ወደ ፊት ዞረ። ናዲን እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ዴል መብላቱን ረስቷል። የሮሊ ዓይን እንባ አቅርሯል። ሃርላን እነሱ የሚያዩትን ለማየት ወደ ሣጥኑ ክብ መስታወት ዞረ።

ጭቃ ነበር። ፈረሶቹ በጭቃ ውስጥ ይረግጣሉ፤ ሰማዩ ደፍርሷል፤ ጽጌረዳዎቹ የተጠበሱ መሰሉ። ልምዱ ሁሉ፣ ሠላሳ ዓመቱ ሁሉ፣ «ሰማያዊውን ጨምር፣ ጨምር» እያለ ጮኸበት። ግራ እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነበር። ቀኙንም አስገባው።

ሮሊ ጠርሙሷን ይዞ አጠገቡ ቆመ። «ልቀባው?» አለ በሹክሹክታ። «ወይስ አንተ…?»

«አትቀባው። ክፍት ይሁን።»

«ይዞራል እኮ።»

«ይዙር።»

ወይዘሮ ዩኒስ ዓይናቸውን ከምስሉ ሳያነሡ እጃቸውን ዘርግተው የሃርላንን እጅጌ ያዙ። «ሐሙስ የዓይን ሐኪሜ ጋ ቀጠሮ አለኝ። ዴል ሥራ አለው። አንተ ትወስደኛለህ።»

«አባቴ እኮ…»

«አባትህን አውቀዋለሁ፤ ይህን ሣጥን እዚህ ያስገባው እሱ ነው። በሆስፒታል ያጣውንም ዓይን አውቃለሁ። እኔ ያልኩህ ትወስደኛለህ ነው፤ ቢላዋው ሥር ተኛ አላልኩህም።»

ሃርላን እጅጌውን አላስለቀቀም። ለሁሉም ነጭ ሆኖ የታያቸው ፈረስ በእሱ ፊት እንደ ሻይ ጠይሞ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ ከክቡ መስታወት ጠርዝ እስከ ጠርዝ አለፈ። ሃርላንም ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ በዓይኑ ሸኘው።